ያልተመዘገበ ጉዳት
በድሬዳዋ ከተማ ለነርሶች፣ ለነርሲንግ መምህራንና ለጤና ተቋማት ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር




ለአብነት ያህል አንድ ሌሊት ይታሰብ። በአንድ ሆስፒታል የተኝቶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አንዲት ነርስ ብቻዋን ተረኛ ናት። አልጋዎቹ ሞልተዋል፤ ሙቀቱም ከመሸ በኋላ አልበረደም። ነርሷ ለምርመራ ደም ከወሰደች በኋላ የመርፌውን ክዳን መልሳ ስትገጥም ጣቷን ወጋት። ጓንቷን አውልቃ እጇን ታጠበች፤ ዙሪያዋንም ቃኘች። ያየ ሰው አልነበረም። ወዲያው ከወዲያኛው ጥግ ሌላ ታካሚ ተጣራ፤ ሄደች። ሲነጋ ተራዋን ለተተኪዋ ስታስረክብ የእያንዳንዱን ታካሚ ሁኔታ አንድ በአንድ ዘረዘረች፤ ስለ ራሷ ጣት ግን ትንፍሽ አላለችም። በዚያ ሌሊት በተቋሙ መዝገብ ላይ የሰፈረ የሥራ ላይ ጉዳት የለም።

ይህች ነርስ ለምሳሌ የቀረበች እንጂ የአንድ ተቋም ሠራተኛ አይደለችም። ሆኖም ታካሚ ባለበት ሀገር ሁሉ ትገኛለች። ወረርሽኝ በሚመጣበት ጊዜ የጤና ሥርዓቱ የሚቆመው በእርሷ ትከሻ ላይ ነው። ስለዚህ ለወረርሽኝ ዝግጁነት ከሚቀርቡት ጥያቄዎች መካከል ቀዳሚው ስለ አልጋና ስለ መድኃኒት ብቻ የሚጠይቅ ሊሆን አይገባም። የዚህች ነርስ ጉዳት ወደ መዝገቡ እንዲገባ፣ ከመዝገቡም ወደ መፍትሔ እንዲሸጋገር ምን ያስፈልጋል የሚለውም ቀዳሚ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ዕድሜያቸውን ካዋሉት ባለሙያዎች መካከል አንዷ አሜሪካዊቷ ነርስና ተመራማሪ ፕሮፌሰር ሊንዳ ኤይከን ናቸው። የእርሳቸው የሙያ ጎዳና ነርሲንግን፣ ትምህርትንና የሥራ ቦታ ደህንነትን በአንድ ክር ያስተሳሰረ በመሆኑ፣ ለድሬዳዋ ነርሶችና መምህራን ጠቃሚ ትምህርት ይዟል።

ከአልጋው ዳር እስከ ጥናት ክፍል

ሊንዳ ኤይከን በነርሲንግ ሙያ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያም በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሶሲዮሎጂ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። ይህ ምርጫቸው ልብ ሊባል ይገባል። የሕመምን ምልክት ማየት የለመደው የነርስ ዓይን፣ የተቋምን ሕመም ለማየት የሚያስችል ሌላ መሣሪያ ታጠቀ። አንድ ነርስ ስለ አንድ ታካሚ ይጠይቃል። የኅብረተሰብ ጥናት የተማረ ነርስ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ታካሚዎች ለምን በአንዱ ሆስፒታል እንደሚድኑና በሌላው እንደሚሞቱ ይጠይቃል።

ለዓመታት በአንድ የጤና ፋውንዴሽን ካገለገሉ በኋላ ወደ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አመሩ። በዚያም የጤና ውጤትንና ፖሊሲን የሚያጠና ማዕከል መሥርተው መርተዋል። በማዕከሉ የተሠሩት ጥናቶች በርካታ ቢሆኑም፣ መነሻቸው አንድ ነው፤ ነርሷ የምትሠራበት ሁኔታ የነርሷንም የታካሚውንም ዕጣ ይወስናል የሚል። ለነርሷ አደገኛ የሆነ ክፍል ለታካሚው ደህና ሊሆን አይችልም ማለት ነው።

ይህ አባባል ዛሬ ግልጽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የነርስ ጉዳት የነርሷ የግል ጥንቃቄ ጉድለት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። የተወጋ ሰው “ለምን አልተጠነቀቅክም?” ይባላል፤ ጉዳዩም በዚሁ ይዘጋል። ተመራማሪዋና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ነገር ይህን የተዘጋ በር በቁጥር ማንኳኳት ነበር።

መዝገቡ የማያውቀው

እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ አንድ ጥናት፣ ኤይከንና ባልደረቦቻቸው በ20 ሆስፒታሎች ውስጥ በሚገኙ 40 የሕክምና ክፍሎች የሚሠሩ ነርሶች ለ30 ቀናት በየፈረቃው ማብቂያ በመርፌና በስለት የደረሰባቸውን ጉዳት እንዲመዘግቡ አደረጉ። ከዚያም ይህን ቁጥር ሆስፒታሎቹ ራሳቸው ከያዙት ይፋዊ መዝገብ ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ነርሶቹ በየዕለቱ የመዘገቡት ጉዳት ተቋማቱ ከሚያውቁት በእጅጉ ይበልጥ ነበር።

ጥናቱ ሌሎች ቁም ነገሮችንም አሳይቷል። የመርፌን ክዳን መልሶ መግጠም ከጉዳት ጋር የተያያዘ ነበር። በጊዜያዊነት ወደ ክፍሉ የተመደቡ ሠራተኞችም ይበልጥ ይጎዱ ነበር። በአንጻሩ ነርሶች በሙያቸው የመወሰን ሥልጣን ባላቸውና ሥራቸው በሚገባ በተደራጀ ሆስፒታሎች ጉዳቱ አነስተኛ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ይኸው ቡድን ባወጣው ሌላ ጥናት፣ የሰው ኃይል በጎደለባቸውና የሥራ ሁኔታቸው በተበላሸ ክፍሎች የሚሠሩ ነርሶች፣ በተሟሉት ክፍሎች ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በመርፌ የመወጋት ወይም ለጥቂት የመትረፍ አጋጣሚያቸው በአብዛኛው ሁለት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ መርፌው የሚወጋው በነርሷ እጅ ላይ ቢሆንም የመወጋቱ ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከእጇ ርቆ የሚገኝ መሆኑ ነው። የተረኛ ምደባ፣ የሴፍቲ ቦክስ መቀመጫ፣ የኃላፊው አመለካከት፣ የሥራው ብዛት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ውስጥ አሉ። ሁለተኛው፣ ባዶ መዝገብ የደህንነት ማስረጃ አለመሆኑ ነው። እንዲያውም ምንም ጉዳት ያልተመዘገበበት ክፍል ሰዎች ለመናገር የሚፈሩበት ክፍል ሊሆን ይችላል።

ትምህርት ሕይወት ሲያድን

የተመራማሪዋን ስም በዓለም ያስተዋወቀው ሥራ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በፔንሲልቬንያ በሚገኙ 168 ሆስፒታሎች ከ10,000 በላይ ነርሶችንና ከ230,000 በላይ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን ያካተተው ይህ ጥናት፣ ለአንድ ነርስ በሚደርሱት ታካሚዎች ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር በ30 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳየ። የነርሶች የመዛል ዕድልም በ23 በመቶ ይጨምር ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጥያቄው ወደ ትምህርት ዞረ። በዲግሪ የተመረቁ ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ከፍ ባለባቸው ሆስፒታሎች የታካሚዎች የሞት ዕድል በ5 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2014 በዘጠኝ የአውሮፓ ሀገሮች፣ በ300 ሆስፒታሎች፣ ከ420,000 በሚበልጡ ታካሚዎች ላይ የተደረገው ጥናትም የሰው ኃይልና የትምህርት ደረጃ ከታካሚ ሕይወት ጋር የተሳሰሩ መሆናቸውን አጠናክሯል።

በርግጥ እነዚህ ጥናቶች የሚያሳዩት ግንኙነትን ነው፤ አንዱ የሌላው ብቸኛ ምክንያት መሆኑን አያረጋግጡም። የተሠሩትም ከኢትዮጵያ እጅግ የተለየ አቅም ባላቸው ሀገሮች ነው። ስለሆነም ቁጥራቸውን እንዳለ አንስቶ ድሬዳዋ ላይ መትከል ተገቢ አይሆንም። መወሰድ ያለበት ዘዴያቸው ነው። ነርስ ራሷ ትቆጥራለች፤ የቆጠረችውን ታስተምራለች፤ ያስተማረችውም የሥራ ቦታዋን እንዲለውጥ ትጠይቃለች። ነርሲንግ፣ ትምህርትና የሥራ ቦታ ደህንነት የአንድ ሥራ ሦስት እርምጃዎች እንጂ ሦስት የተለያዩ ሙያዎች አይደሉም።

የምሥራቁ ቁጥር

ይህ ዘዴ ለምሥራቅ ኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የታተመ አንድ ጥናት በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሚገኙ 10 ሆስፒታሎችና 20 ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ 475 የጤና ባለሙያዎችን አካትቶ ነበር። ከእነዚህ መካከል 30.5 በመቶ የሚሆኑት በሥራ ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ በመርፌ ተወግተዋል። ጥናቱ ከመደረጉ በፊት ባለው አንድ ዓመት ብቻ የተወጉት 17.5 በመቶ ነበሩ። የመርፌን ክዳን መልሶ የመግጠም ልማድ ያላቸው ደግሞ 46.9 በመቶ፣ ማለትም ወደ ግማሽ የሚጠጉ ሆነው ተገኙ። በኢንፌክሽን መከላከያ ቁሳቁስ አቅርቦት ያልረኩትም 44.8 በመቶ ነበሩ።

እነዚህ አኃዞች ጎን ለጎን ሲነበቡ ትርጉማቸው ይጎላል። ክዳኑን መልሶ መግጠም አደገኛ መሆኑ ለብዙው ባለሙያ ከተማሪነቱ ጀምሮ የተነገረው ነገር ነው። ታዲያ እያወቀ ለምን ያደርገዋል? የመርፌ መጣያው ሳጥን ከአልጋው የራቀ ከሆነ፣ ወይም ሞልቶ ካፉ ከተረፈ፣ ወይም ጨርሶ ከሌለ፣ ክዳኑን መግጠም ለባለሙያው መርፌውን ተሸክሞ ለመሄድ የቀረው ብቸኛ መንገድ ሆኖ ይታየዋል። እንዲህ ባለው ቦታ ሥልጠና ብቻውን ፍሬ አያፈራም። ሳጥኑን ማቅረብ ግን ከአሥር ማሳሰቢያ ይበልጣል።

የአደጋው ክብደትም መታወቅ አለበት። በደም ከሚተላለፉት ተሕዋስያን መካከል የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ያልተከተበን ባለሙያ የመያዝ ዕድሉ እንደ ሕመምተኛው ሁኔታ ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ኤችአይቪ በአንድ የመርፌ መወጋት የመተላለፍ ዕድሉ 0.3 በመቶ፣ ማለትም ከ1,000 አጋጣሚ 3 ገደማ ነው። ለመጀመሪያው አስተማማኝ ክትባት አለ። ለሁለተኛው በፍጥነት ከተጀመረ የሚከላከል መድኃኒት አለ። ሁለቱም የሚጠቅሙት ግን ጉዳቱ ሲነገር ብቻ ነው። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የሚለው የአበው ቃል ለታካሚ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለአስታማሚም ጭምር ነው።

ድሬዳዋ እና ወረርሽኝ

ድሬዳዋ ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጂቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሰውና የዕቃ መተላለፊያ ሆና ኖራለች። ደቻቱ ለሁለት የሚከፍላቸው ከዚራና መጋላ፣ የገበያው ግፊያ፣ ከቤት ወደ ቤት የሚከማቸው ውሃ፣ ቆላማው ሙቀት ሁሉ የከተማዋ መልክ ናቸው። በሽታም ይህንኑ መልክ ተከትሎ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ በከተማዋ ተከሰተ። በ2019 ቺኩንጉንያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን አልጋ ላይ ጣለ። በ2022 ደግሞ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ከምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ከተባለችው ትንኝ ጋር የተያያዘ የወባ ወረርሽኝ ታየ። በእነዚህ መካከል ኮቪድ-19 መጣ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ፣ ድሬዳዋ በጂቡቲ መስመር ለሚመለሱ ወገኖች በር በመሆኗ የለይቶ ማቆያና የክትትል ሥራ ከባድ ሸክም ወደቀባት።

ትንኝ ታካሚንና ነርስን አትለይም። በአየር የሚተላለፍ ቫይረስም ነጭ ጋውን አይቶ አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ባለው ጊዜ ውስጥ ከ80,000 እስከ 180,000 የሚደርሱ የጤናና የእንክብካቤ ሠራተኞች በኮቪድ-19 ምክንያት ሕይወታቸውን አጥተዋል። ለድርጅቱ በይፋ ሪፖርት የተደረገው ቁጥር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ግምት መካከል 100,000 ሰው አለ። ስማቸውም ሥራቸውም የነበራቸው ሰዎች እስከ ሞት ድረስ በትክክል አለመቆጠራቸውን የሚያሳይ ርቀት ነው። የዚያች ነርስ የሌሊት ዝምታ በዓለም ደረጃ ሲደመር ይህን ይመስላል።

ያ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 2020፣ የፍሎረንስ ናይቲንጌል 200ኛ የልደት በዓል የሚታሰብበትና የዓለም የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ተብሎ የተሰየመ ነበር። ናይቲንጌል በክራይሚያ ጦርነት የወታደሮችን አሟሟት በአኃዝና በሥዕላዊ መግለጫ ያሳየች፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን የነርሶች ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት ናት። ዓለም በፋኖሷ ያስታውሳታል፤ ሆኖም የጦር ሠፈሩን ሁኔታ ለመለወጥ ከፋኖሷ ይልቅ ቁጥሯ ብዙ ሠርቷል።

“ሲሮጡ የታጠቁት”

ወረርሽኝ አዲስ ድካም ብቻ ይዞ አይመጣም፤ የነበረውንም ያጋልጣል። የኤይከን ማዕከል ተመራማሪዎች ኮቪድ-19 ወደ አሜሪካ በስፋት ከመግባቱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ በኒውዮርክና በኢሊኖይ ግዛቶች የሚሠሩ ነርሶችን ጠይቀው ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያኔውኑ በከፍተኛ መዛል ውስጥ ነበሩ። ወረርሽኙ የደረሰው አስቀድሞ በደከመ ሠራዊት ላይ ነው። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እንደሚባለው፣ በወረርሽኝ ሰዓት የሚታደል ጓንትና ጭምብል በሰላሙ ጊዜ ያልተገነባን የደህንነት ሥርዓት ሊተካ አይችልም።

የሥራ ቦታ ደህንነት ሙያ መከላከያዎችን በደረጃ ያስቀምጣል። ከሁሉ አስቀድሞ አደጋውን ማስወገድ ይመጣል፤ ለምሳሌ አስፈላጊ ያልሆነን መርፌ በሚዋጥ መድኃኒት መተካት። ቀጥሎ ቦታውንና መሣሪያውን ማስተካከል አለ፤ አየር በሚገባ የሚዘዋወርበት ክፍል፣ ለእጅ ቅርብ የሆነ ሴፍቲ ቦክስ፣ የማያቋርጥ ውሃ። ከዚያ የሥራ ሥርዓት ይከተላል፤ የተረኛ ምደባ፣ የታካሚዎች ልየታ፣ ሥልጠና። የግል መከላከያ ቁሳቁስ የመጨረሻው አጥር ነው። ሌሎቹ አጥሮች ሲፈርሱ ሸክሙ ሁሉ በእርሱ ላይ ይወድቃል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃታማ ከተማ ደግሞ ጋውንና ጭምብል ለብሶ ለሰዓታት መሥራት ራሱ ሌላ አደጋ ነው። ላብ ዓይን ሲጋርድ፣ ጭምብል ሲርስ፣ የደከመ እጅ መከላከያውን ሲያወልቅ ስህተት ይፈጠራል። ስለዚህ በሞቃታማ አካባቢ የእረፍት ጊዜና የመጠጥ ውሃ የኢንፌክሽን መከላከል አካል ተደርገው መታየት አለባቸው።

ይህ ሁሉ በባለሙያው ላይ የሚደረግ ቸርነት አይደለም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 2 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ኢትዮጵያ የሙያ ደህንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2022 ደህንነቱ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎ ተቀብሏል።

በየተቋሙ ሊደረግ የሚገባው

ከላይ የተገለጸው ወደ ተግባር ሲመለስ የሚከተሉት ነጥቦች ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል።

በመጀመሪያ፣ በእያንዳንዱ ክፍል የሥራ ላይ ጉዳትና ተጋላጭነት መዝገብ ይኑር። መዝገቡ ቀኑን፣ ፈረቃውን፣ ሥራውን፣ መሣሪያውንና በዚያ ሰዓት በክፍሉ የነበሩትን ታካሚዎችና ነርሶች ብዛት ይያዝ። ለጥቂት የተረፉ አጋጣሚዎች፣ የተቀደደ ጓንት፣ መከላከያ ሲወልቅ የተፈጠረ ንክኪም ይመዝገቡ። የጽዳትና የልብስ እጥበት ሠራተኞች ከዚህ እንዳይቀሩ፤ በስህተት ከቆሻሻ ጋር የተጣለውን መርፌ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸውና።

ሁለተኛ፣ የተወጋ ባለሙያ የተወጋበትን ቦታ ወዲያው በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ቁስሉን መጭመቅም ሆነ በበረኪና ማጠብ አይገባም። ደም ወይም ፈሳሽ ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹህ ውሃ ይታጠብ። ከዚያም ሳይዘገይ ያመልክት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ መጀመር ያለበት ሲሆን፣ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀናት ነው። መድኃኒቱ በሌሊትና በበዓል ቀን የት እንደሚገኝ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ እያንዳንዱ ተረኛ አስቀድሞ ይወቅ።

ሦስተኛ፣ ሪፖርት ያደረገ ሰው አይወቀስ። የተወጋ ባለሙያ የምርመራ ውጤቱ ለባልደረቦቹ እንዳይታወቅበት ይፈራል፤ “ጥፋቱ የራስህ ነው” መባልን ይፈራል። የተቋም ኃላፊ ለተጎዳው የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ “ምን አጠፋህ?” ከሆነ ሁለተኛው ተጎጂ ወደ ቢሮው አይመጣም። “ሕክምና አገኘህ ወይ? ምን ጎድሎ ነበር?” ከሆነ ግን መዝገቡ ይሞላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተመዘገበው ጉዳት ቢበዛ ኃላፊው ሊደነግጥ አይገባውም፤ አደጋው የጨመረ ሳይሆን የታየ ሊሆን ይችላልና።

አራተኛ፣ ማንኛውም ተማሪ ወደ ተግባር ልምምድ ከመሰማራቱ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱን ይጨርስ። በኢትዮጵያ የኮቪድ-19 ክትባት መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ባለሙያዎች ነበር። ይህ ቅደም ተከተል የወረርሽኝ ጊዜ ብቻ ሳይሆን የዘወትር ሥርዓት ሊሆን ይገባል።

አምስተኛ፣ መዝገቡ በየወሩ ይነበብ፤ ከተነበበውም ቢያንስ አንድ ነገር ይለወጥ። ምንም ለውጥ የማያመጣ መዝገብ የሚጽፍለት ሰው አያገኝም።

ከድሬዳዋ የሚጠበቀው ተመራማሪ

“የሰው ኃይል በሌለበት፣ በጀት ባልተሟላበት ይህ ሁሉ እንዴት ይቻላል?” የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። የነርሶችን ቁጥር በአንድ ጊዜ ማሳደግ ከአንድ ክፍል ኃላፊ አቅም በላይ ነው። መዝገብ ለመጀመር ግን ደብተርና ብዕር ይበቃል። የሰው ኃይል ጥያቄም ቢሆን በስሜት ከቀረበው ይልቅ በቁጥር የቀረበው ይሰማል። “ሥራ በዛብን” የሚል ነርስ ይታዘንለታል። “ባለፉት ስድስት ወራት ከተመዘገቡት ጉዳቶች አብዛኞቹ የደረሱት አንድ ነርስ ብቻዋን በቆየችባቸው ሌሊቶች ነው” የሚል ነርስ ግን መልስ ሊሰጠው ግድ ይሆናል።

ድሬዳዋ ለእንዲህ ያለው ጥናት የሚሆን መስክ አላጣችም። በድል ጮራና በሳቢያን ሆስፒታሎች፣ በየጤና ጣቢያው፣ በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ፣ ብሎም በአቅራቢያዋ ሐረር በሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጤና ኮሌጅ በየጊዜው የሚማሩና የሚመረቁ ነርሶች አሉ። ጥያቄዎቹም በዙሪያቸው ናቸው። በሙቀት ወራት መከላከያ ለብሶ መሥራት የሚቻለው ለስንት ሰዓት ነው? በጤና ተቋማት ግቢ የተጠራቀመ ውሃ ለትንኝ መራቢያ ሆኗል ወይ? ክዳን መልሶ የመግጠም ልማድ ሴፍቲ ቦክስ ከአልጋው አጠገብ ሲቀመጥ ይቀንሳል ወይ? የሥራ ቦታ ጤንነት ከሆስፒታል አጥር ውጭም አለ፤ የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባላት ከተማ የአቧራና የድምፅ ጉዳትም የነርስ ተመራማሪን ይጠብቃል።

ይህን ጎዳና የሚጀምር ነርስ ከአልጋው ዳር መራቅ የለበትም። አንዳንዴ ሁለተኛ ዲግሪ ከክፍል ሥራ መውጫ በር ተደርጎ ይታያል። የተመራቂው ጽሑፍም በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የተጠየቁት ነርሶች ግን ውጤቱን ሳይሰሙ ይቀራሉ። ከሰው ጣት የተሰበሰበ መረጃ ወደዚያው ሰው መመለስ አለበት። መምህሩም ተማሪውን ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን አንሥቶ የታካሚን ሙቀት መመዝገብ ሲያስተምረው፣ የራሱንም ጉዳት መመዝገብ አብሮ ሊያስተምረው ይገባል።

ክቡራንና ክቡራት፣

ንግግሩ በጀመረባት ነርስ ይፈጸም። ያው ሌሊት፣ ያው ሙቀት፣ ያው ሥራ ይታሰብ። የመርፌ መጣያው ሳጥን ግን ከአልጋው ክንድ ያህል ቢርቅ ነው። ምናልባት አትወጋም። ብትወጋ እንኳ እጇን ትታጠባለች፣ ለተረኛው ሐኪም ትነግራለች፣ በሰዓቱ መድኃኒት ትጀምራለች። ሲነጋ ተራዋን ስታስረክብ የታካሚዎቿን ሁኔታ ከዘረዘረች በኋላ የራሷንም ትናገራለች። ተተኪዋም መዝገቡን ከፍታ ትጽፋለች። በወሩ መጨረሻ ያንን መስመር የሚያነብ ሰው ይኖራል።

ቀጣዩ ወረርሽኝ መቼና በየት በኩል እንደሚመጣ በቀኑ መናገር አይቻልም። በመጣ ጊዜ ግን ከበሩ ላይ የሚቀበለው የጤና ባለሙያ ነው። ድሬዳዋ ያን ባለሙያ ሕያውና ጤነኛ አድርጋ ለማቆየት የምትጀምርበት ገጽ ዛሬ በየክፍሉ ባዶ ሆኖ ተቀምጧል። የመጀመሪያው መስመር ይጻፍበት።